የመንግሥቱ ወርቁን ፊት በዘይት ቀለም ልስል ነው፤ ያለኝ ግን ጥቁርና ነጭ ፎቶ ብቻ ነው

የቦርከና ልጅ፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ሰዎች። ኮምቦልቻ ነው ያለሁት። በእርሳስና በከሰል ፊት ስስል ቆይቻለሁ፤ ያየው ሰው ሁሉ «እሱው ራሱ ነው» ይለኛል። አሁን በዘይት ቀለም የመጀመሪያዬን ፖርትሬት ልጀምር ነው። የምስለው መንግሥቱ ወርቁን ነው፤ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ስናነሳ የመጨረሻዋን ጎል ያገባውን ኳስ ተጫዋች።

ሰፈራችን ውስጥ ኳስ የምናይበት አዳራሽ አለ። ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር የአውሮፓ ክለቦች ፖስተር ነው። ልጆቹ አግዳሚው ላይ ተጠጋግተው ሲቀመጡ ከላያቸው የሚያዩት ፊት ሁሉ የሩቅ ሰው ፊት ነው። አንዱን ልጅ መንግሥቱ ወርቁን ታውቀዋለህ ብዬ ብጠይቀው «ለየትኛው ክለብ ነው የሚጫወተው?» አለኝ። በልጁ አልፈርድም፤ ማን አሳየውና! የአዳራሹ ባለቤት ከስክሪኑ ጎን ያለውን ቦታ ለቀውልኛል። ፖስተር በየዓመቱ ይቀየራል። በእጅ የተሰራ ስዕል ግን ሰውን ቆም ያደርጋል ብዬ አምናለሁ።

ችግሬ ይሄ ነው። ያገኘኋቸው ፎቶዎች በሙሉ ጥቁርና ነጭ ናቸው፤ ያውም የኮፒ ኮፒ። ዓይኑ ያለበት ቦታ ጥቁር ብቻ ሆኗል። የቆዳውን ቀለም ከየት ላምጣው? የማሊያውንስ? ደግሞ የሰዓሊ ዘይት እዚህ አላገኘሁም። የተልባ ዘይት ነው ይባላል፤ እናቴ ጓዳ ተልባ ሞልቷል። አስጨምቄ ብጠቀምበት ይሆናል? ሸራውንስ በአቡጄዲ ብሰራው? የምታውቁ እርዱኝ።

ሐረጎ ላይ፦

አቦ ሐሳብህ ደስ ይላል። ግን ለምን አዳነ ግርማን አትስለውም? በ2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ላይ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ስንበቃ የመጀመሪያዋን ጎል ያገባልን እሱ ነው። ያውም በዛምቢያ ላይ፤ የዋንጫው ባለቤት በነበረችው። ሳላዲን ሰዒድ ፍጹም ቅጣት ምት ስቷል፣ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ወጥቷል፣ በ10 ሰው ነው ተጫውተን 1 ለ 1 የወጣነው። ያን ቀን ደሴ ፒያሳ ላይ የማላውቀው ሰው አቅፎ አንስቶኛል። ፎቶውም በከለር ነው፤ ግልጽ ነው፤ ምንም አትቸገርም። ልጆቹም ቪዲዮውን ከፍተው ማየት ይችላሉ።

ጡረተኛው መምህር፦

ልጆቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። ደሴ ነኝ፤ ዕድሜዬን በሙሉ ያስተማርኩትም እዚሁ ነው። የሁለታችሁንም አነበብኩ። አዳነንም አከብራለሁ፤ ነገር ግን የቦርከና ልጅ ያሰበው ትልቅ ነገር ነውና ላግዘው።

መንግሥቱ ያገባበት የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ የተደረገው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው። የቃና ዘገሊላ ማግስት። እኔ ደሴ ትንሽ ልጅ ነበርኩ፤ ወሬውን የሰማሁት ከትልልቆች አፍ ነው። ተጋጣሚያችን ያኔ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብጽ ናት፤ ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች ያነሳችው። ባደዊ ቀድሞ አገባብን። ተክሌ ኪዳኔ በ74ኛው ደቂቃ አቻ አደረገን፤ ወዲያው ባደዊ ደገመን። እስቲ አስቡት፤ አቻ ወጥታችሁ ደስታችሁን ሳትጨርሱ እንደገና መመራት። በ84ኛው ደቂቃ ሉቺያኖ ቫሳሎ አቻ አደረገን። ተጨማሪ ሰዓት ላይ ወንድሙ ኢታሎ መሪ አደረገን። መንግሥቱ በ117ኛው ደቂቃ አራተኛዋን ሲያገባ ነገሩ አለቀ። 4 ለ 2። አሰልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ፤ በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዝዳንት የሆኑት።

አንድ ነገር አደራ እልሃለሁ ልጄ። ዋንጫውን እጁ ላይ አታስይዘው። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ነው። ሰንደቅ ዓላማም ከኋላው አታውለብልብ። የ117ኛውን ደቂቃ ሰው ሳልልኝ። ሁለት ሰዓት ሙሉ የሮጠ ሰው ፊት ምን እንደሚመስል አስብ። ደክሟል፤ ግን ገና አልጨረሰም። ልጆቹ እንዲያዩት የምፈልገው ያንን ነው።

ሐረጎ ላይ፣ ለአንተ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምርልህ። የዛምቢያው ጨዋታም ጥር 13 ቀን ነበር። 51 ዓመት ቆጥሮ፣ ቀኑን ሳይስት።

ሐረጎ ላይ፦

ወላሂ ይህንን አላውቅም ነበር ጋሼ። ካላንደር ከፍቼ አየሁት፤ ልክ ነዎት። ታዲያ ሁለቱንም ይሳላቸዋ! አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ።

የቦርከና ልጅ፦

ጋሼ፣ እድሜ ይስጥዎት። ዋንጫ ላስይዘው አስቤ ነበር፤ ተውኩት። የ117ኛው ደቂቃ ፊት ያሉት ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። አዳነን ከእሱ ቀጥሎ እሰራዋለሁ ሐረጎ ላይ፤ ቃሌ ነው። መጀመሪያ ግን ልጆቹ የማያውቁትን።

ጦሳ ሥር፦

ወንድሜ የቦርከና ልጅ፣ እኔም ደሴ ነኝ። ፊት እየሳልኩ ነው የምተዳደረው። ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ፤ ምክንያቱም ይሄ ስዕል በደንብ እንዲወጣ ከልቤ ስለፈለግኩ ነው።

ስለ ቀለም አሁን አትጨነቅ። ሰውን ራሱን የሚያስመስለው ቀለሙ አይደለም፤ ብርሃንና ጥላው የት ላይ እንደሚለያዩ ነው። ያ ልክ ከሆነ ፊቱን ሰማያዊ ብትቀባውም «መንግሥቱ ነው» ይሉሃል። ያ ካልተስተካከለ ግን የዓለምን ምርጥ ቡናማ ብትቀባበት አይመስልም። ስለዚህ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ይዞ መጀመር ጉዳት የለውም።

ያስፈራኝ የኮፒ ኮፒ ማለትህ ነው። ፎቶ በተገለበጠ ቁጥር መሀል ላይ ያለው ግራጫ ይጠፋል። ጥቁሩ ይብስ ይጠቁራል፣ ነጩ ይብስ ይነጣል። ዓይኑ የጠፋው ለዚህ ነው። እንዳለ ከገለበጥከው የራስ ቅል ትሰራለህ። መድኃኒቱ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የሱን ፎቶ አንድ ብቻ አትያዝ። ከተለያየ አቅጣጫ የተነሳባቸውን፣ ካገኘህም በሰል ብሎ የተነሳባቸውን ሰብስብ። አጥንት አይቀየርም፤ የአፍንጫው ስፋት፣ የግንባሩ ቅርጽ፣ ከአፍንጫ እስከ ከንፈር ያለው ርቀት እዚያም እዚያም ያው ነው። ሁለተኛ፣ የቆዳው መልክ ለሱ የሚቀርብ ሰው ፈልግና ፎቶው በተነሳበት ዓይነት ብርሃን አቁመው። ሜዳ ላይ ከተነሳ ፀሐዩ ከላይ ነው። ጥላው ከቅንድብ ሥር፣ ከአፍንጫ ሥርና ከታችኛው ከንፈር ሥር ይወድቃል። ሰውየውን መስኮት ዳር ብታስቀምጠው ብርሃኑ ከጎን ይመጣል፤ የሁለቱ ብርሃን አንድ ፊት ላይ አይታረቅም። በቀትር ግቢ ውስጥ አውጣውና ዓይኑ ሥር ያለውን ጥላ በደንብ እየው። ጥቁር አይደለም። ከመሬቱና ከለበሰው ልብስ የሚመለስ ብርሃን ይገባበታል፤ ሞቅ ያለ ቡናማ ሆኖ ታገኘዋለህ። ፎቶው የበላብህ ያንን ነው።

ስትጀምር በበርንት አምበር (በጥቁር ቡናማው ቀለም) ብቻ ጀምር። በአኳራጅ አቅጥነው፣ ሙሉ ፊቱን በቡናማ ሳለው፣ ብርሃን ያለበትን ቦታ በጨርቅ ጥረገው። አምበር ቶሎ ይደርቃል፤ ብዙ ሳትቆይ በላዩ ትቀጥላለህ። ፊቱ እዚህ ላይ ካልመሰለ ወደ ቀለም አትሂድ። በቀለም አስተካክለዋለሁ የሚባል ነገር የለም። ከዚያ በኋላ ያለው ሕግ አንድ ነው፦ ከታች ቀጭኑ፣ ከላይ ዘይት የበዛበት። ከላይ ያለው ከታችኛው ቀድሞ ከደረቀ የታችኛው ሲንቀሳቀስ ላዩ ይሰነጠቃል። ዓመት ሳይሞላው ግንባሩ ላይ ስንጥቅ ታያለህ።

አሁን ወደ ቆዳው። የኛን ሰው ፊት ስንስል ብዙ ሰው ጥላውን በጥቁር፣ ብርሃኑን በነጭ ያደርገዋል። ፊቱ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ነጭ ቀለምን ያቀዘቅዘዋል፤ ስለዚህ ማብራት ስትፈልግ መጀመሪያ ኦከር (የአፈር ቢጫ)፣ ትንሽም ቀይ ጨምር፤ ነጩን መጨረሻ ላይ በጥቂቱ። ጥላውን በበርንት ሲዬና (ቀይ ቡናማ) እና በአልትራማሪን (ጥልቅ ሰማያዊ) ስራው፤ ቀጭን አድርገህ፣ ታች ያለው ቡናማ እንዲታይ። ግንባር ወደ ቢጫ ያደላል። ጉንጭ፣ አፍንጫና ጆሮ ደም ስላለባቸው ይቀላሉ። አገጭና መንጋጋ አካባቢ ጺም የተላጨበት ቦታ ወደ ግራጫ ይሄዳል። ይሄ በጠይም ቆዳ ላይ በደማቁ አይታይም፤ ግን አለ፤ ፊቱን ሕያው የሚያደርገውም እሱ ነው። ላብ ካለ ደግሞ ግንባሩ ላይ የሚያበራው ነጥብ የሰማዩን ቀለም ይይዛል። ንጹሕ ነጭ አይደለም፤ ሰማያዊ የነካው ነው። አንዴ ጣል አድርገውና ብሩሽህን አንሳ። አትደባልቀው።

ዓይን ላይ ቆም እንበል፤ ልጆቹ መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው። የዓይን ነጩ ነጭ አይደለም። ከሱ አጠገብ ካለው ቆዳ ትንሽ ብቻ የፈካ ግራጫ ነው። ላይኛው ቆብ ጥላውን ብሌኑ ላይ ይጥላል፤ የነጩ ላይኛው ክፍል ጨለም ማለት አለበት። ታችኛው ቆብ ውፍረት አለው፤ ጠርዙ ላይ ቀጭን እርጥብ መስመር ታያለህ። የደከመ ሰው ዓይን ደግሞ ላይኛው ቆብ ብሌኑን ከወትሮው ትንሽ ዝቅ ብሎ ይሸፍነዋል። ጋሼ ያሉት የ117ኛው ደቂቃ እዚያ ቆብ ላይ ነው ያለው። አፉን ክፍት አታድርገው። ጥርስ ላይ ያለ ጩኸት በፎቶ ያምራል፤ በስዕል ግን በየቀኑ ስታየው ይሰለቻል።

ማሊያውን በተመለከተ፦ ቀይና አረንጓዴ በጥቁርና ነጭ ፎቶ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ሊወጡ ይችላሉ። ከፎቶው ቀለም አታወጣም። እኔ ብሆን ማሊያውን በዚያው በቡናማው እተወዋለሁ። ፊቱን ጨርሰው፣ አንገቱን ጨርሰው፣ ከትከሻ በታች ረቂቅ ሆኖ ይቅር። ይሄ ጉድለት አይደለም። ዓይን ወደ ፊቱ እንዲሄድ ትረዳዋለህ፣ ያላየኸውንም ነገር አትፈጥርም።

ጡረተኛው መምህር፦

ተባረኪ ልጄ። እኔ ስዕል አላውቅም፤ ግን ይህን አንብቤ መስታወት ፊት ሄጄ ዓይኔን አየሁ። ነጩ በእውነት ነጭ አይደለም።

ላብራቶሪ፦

ስለ ተልባው ልመልስ። ኬሚስትሪ አስተምራለሁ።

የተልባ ዘይት ደረቀ ስንል ውሃ እንደሚደርቀው አይተንም። ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ እርስ በርሱ ይተሳሰርና ጠንካራ ስስ ሽፋን ይሆናል። ይህን የሚያደርገው ውስጡ ያለው ሊኖሌኒክ አሲድ ነው፤ ከዘይቱ ግማሽ ያህሉ እሱ ነው። ኑግ የተለየ ነው። ኑግ ውስጥ በብዛት ያለው ሊኖሌይክ አሲድ ስለሆነ ይደርቃል ግን ቀስ ብሎ፣ ደከም ብሎ። የምግብ ፓልም ዘይት ደግሞ መቼም አይደርቅም። ስለዚህ ኑግም ፓልምም ተው።

ተልባ ግን ለወጥ እንደምናደርገው መቆላት የለበትም። ጥሬውን፣ ሳይሞቅ የተጨመቀ መሆን አለበት። ከመጭመቂያ የወጣው ዘይት ውስጥ ተልባን የሚያሟልጨው ነገርና ሌላም ቆሻሻ አለ። እሱ ካልወጣ ዘይቱ ዘግይቶ ይደርቃል፣ ይጠቁራል። ማጠብ ይቻላል። በመስታወት ጠርሙስ ዘይቱን፣ ንጹሕ ውሃና ትንሽ ጨው አድርገህ በደንብ በጥብጠው፤ እንዲጠልል ተወው፤ ከላይ ያለውን ዘይት ብቻ ቀስ ብለህ አውጣ። ውሃው ንጹሕ እስኪሆን ደጋግመው። ከዚያ ጠርሙሱን ሙሉ በሙሉ ሳትከድን፣ አቧራ እንዳይገባ በጨርቅ ሸፍነህ ፀሐይ ላይ አቆየው። ይፈካል። የኮምቦልቻ ፀሐይ ለዚህ ጥሩ ነው። ስዕሉ ላይ ከመጠቀምህ በፊት መስታወት ላይ ስስ አድርገህ ቀባና ጠብቅ። ጣት ሳይለጥፍ ከደረቀ ይሰራል፤ ከሳምንታት በኋላም ከተለጠፈ ተወው።

እውነቱን ለመናገር ግን ብዙ ዘይት አያስፈልግህም። በቱቦ የሚሸጠው ቀለም ዘይቱን ይዞ ነው የሚመጣው። ለላይኛው ሽፋን ጥቂት ጠብታ ብትጨምር ይበቃል።

ከሁሉም በላይ ይህን ስማኝ። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ጨምድደህ ጥግ ላይ አትጣል። ኦክስጅን ሲወስድ ሙቀት ይሰጣል፤ ጨርቁ ከተጠቀለለ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ማንም ሳይነካው ራሱ ይቀጣጠላል። ቤት ተቃጥሏል በዚህ። ውጭ ዘርግተህ አድርቀው፤ ወይም ውሃ ያለበት ክዳናም ቆርቆሮ ውስጥ ክተተው።

ቀለም ቤት፦

እኔ ደግሞ ደሴ የግንባታ ዕቃና ቀለም እሸጣለሁ። ሰዓሊዎች ይመጡብኛል፤ ከነሱ የተማርኩትን ልንገርህ።

አኳራጅ ለማቅጠንም ለብሩሽ ማጠቢያም ይሆናል። ግን መስኮት ክፈት። በተለይ ደሴ ላላችሁ፦ ብርድ ነው ብላችሁ የከሰል ምድጃ ክፍሉ ውስጥ አስገብታችሁ በአኳራጅ አትስሩ። ትነቱ እሳት ይይዛል።

የቤት ዘይት ቀለም ርካሽ ነው ብለህ ከሰዓሊው ቀለም ጋር እንዳትቀላቅል። ለበርና ለመስኮት የተሰራ ነው። ላዩ ቶሎ ይይዛል፣ ነጩ ይቢጫል።

አቡጄዲ ይሆናል፤ ወፍራሙን ምረጥ። መጀመሪያ በሙቅ ውሃ እጠበውና ይሸብሸብ፤ ከዚያ ወጥረው። ዘይት በቀጥታ ጥጥ ከነካ ጨርቁን ያበሰብሰዋል፤ ስለዚህ የእንጨት ኮላ በውሃ አቅጥነህ ቀባውና ሲደርቅ የሰዓሊ ነጭ ማስነሻ (ከቀለም በፊት የሚቀባውን) ደርብበት። የግንበኛ ጀሶ ጨርቅ ላይ እንዳትሞክር። ጨርቁ ላላ ጠበቅ ሲል ጀሶው ይፈረካከሳል።

ግን አንተ የምትሰቅለው ሰው የሚበዛበት አዳራሽ ነው። ልጆች ይደገፉታል፣ ኳስ ይዞ የሚገባም አይጠፋም። እኔ ኮምፔንሳቶ ላይ ስራው እላለሁ። አይቀደድም፣ አይላላም።

ብርሃን፦

ይህን ሁሉ ከምትደክም በፕሮጀክተር ፎቶውን ሰሌዳው ላይ አብርተህ ዙሪያውን ብትገለብጠውስ? በአንድ ሰዓት ይመስልልሃል።

ጦሳ ሥር፦

ብርሃን፣ ፕሮጀክተር ኃጢአት አይደለም። የማልወደው በዚህ ፎቶ ነው። ፎቶው ራሱ የተበላሸ ነው፤ ፕሮጀክተር ደግሞ የተበላሸውንም ጠርዝ በድፍረት ያሰምርልሃል። እጅህ እንደ ማሽን ይከተላል፣ ዓይንህ አይጠይቅም። ፎቶውን በካሬ ከፋፍሎ ሰሌዳው ላይም ያንኑ ካሬ በትልቁ አስምሮ መቅዳት ይሻላል፤ እያንዳንዱ ካሬ ላይ «ይሄ ምንድን ነው? ጥላ ነው ወይስ ጸጉር?» ብለህ ትጠይቃለህ። ካሬውን የምጠቀመው ግን ለትላልቁ ነገር ነው፦ ለግንባሩ፣ ለአገጩ፣ ለዓይንና ለአፍ መስመር። ከዚያ በኋላ በዓይን።

ሐረጎ ላይ፦

ጦሳ ሥር፣ እኔ ስዕል ባላውቅም አንድ ጥያቄ አለኝ። የቀለም ቱቦ ውድ ነው። ስንት ዓይነት ቀለም ነው የሚያስፈልገው? ልጁን ለመርዳት ሰፈር ውስጥ እናዋጣለን ብለናል።

ጦሳ ሥር፦

ማሻአላህ፣ እንዲህ ነው የደሴ ልጅ! ብዙ አያስፈልገውም። የስዊድኑ ሰዓሊ አንደርስ ዞርን ስሙ የተያያዘበት የአራት ቀለም አሰራር አለ፦ ነጭ፣ የሎው ኦከር፣ ቀይና ጥቁር። ጥቁሩ ከነጭ ጋር ሲቀላቀል ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ከኦከር ጋር ሲቀላቀል ወደ አረንጓዴ። ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ በነዚህ መስራት ይችላል፤ ለመጀመሪያው ንብርብር በርንት አምበር ከተጨመረ አምስት። ገንዘብ ከተረፈ አልትራማሪን። ከሁሉ ነጩን በትልቁ ቱቦ ግዙለት፤ ቶሎ የሚያልቀው እሱ ነው። ለነጭ ቲታኒየም ይሁን፤ ዚንክ ብቻውን ሲቆይ ተሰባሪ ይሆናል።

የቦርከና ልጅ፦

ወንድሞቼ፣ እህቴ፣ ጋሼ፣ ምን ልበላችሁ። አላህ ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ኮምፔንሳቶውን አዘጋጅቼ በአምበር ብቻ አንድ ሙከራ ሰራሁ። ታናሽ ወንድሜ ለመንግሥቱ በመልክ ይቀርባል፤ በቀትር ግቢ ውስጥ ቆመልኝ። ጦሳ ሥር እንዳልሽው ዓይኑ ሥር ያለው ጥላ ሞቅ ያለ ነው፤ ከመሬቱ ብርሃን ይነሳል። ይህን በፎቶ መቼም አላየውም ነበር። ጥላው አሁን ልክ ነው። ታችኛው ከንፈር ሥር ያለችው ጥላ በተለይ በጣም ደስ ብላኛለች፤ አንዲት ብሩሽ ነች። ግን ያየው ሰው ሁሉ «ወንድምህ ነው» ይለኛል። መንግሥቱን አልሆነልኝም። ምን ላድርግ?

ጦሳ ሥር፦

አብሽር፣ ይሄ የሚጠበቅ ነው። ከወንድምህ ብርሃኑን ብቻ ውሰድ። ርቀቱን ከመንግሥቱ ፎቶ ብቻ ውሰድ። ሰው ፊት ለፊት ሲቆምልህ ዓይንህ ሳታውቀው የሱን ርቀት መቅዳት ይጀምራል። አሁን ወንድምህን ወደ ቤት ይግባ በለው። ፎቶዎቹን ደርድርና ለካ፦ በሁለቱ ዓይኖች መሀል ያለው ቦታ ከአንድ ዓይን ስፋት ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ላይኛው ከንፈር ስንት ነው? የአፉ ጠርዝ ከብሌኑ በታች ነው ወይስ ወደ ውስጥ ገባ ይላል? ሁሉም ፎቶ ላይ የሚደጋገመውን ያዝ። አብዛኛውን ጊዜ መምሰል የሚበላሸው ዓይን ላይ አይደለም፤ ከአፍንጫ በታች ባለችው ጠባብ ቦታ ነው። እዚያ ላይ የክር ውፍረት ታህል ልዩነት ሌላ ሰው ታደርገዋለች። አምበሩ ደርቆ ከሆነ በላዩ አስተካክል፤ ካልደረቀ በአኳራጅ ጥረገውና እንደገና።

ጡረተኛው መምህር፦

እኔም አንድ ነገር ልበል። መንግሥቱ ዕድሜውን የተጫወተው ለቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፤ ያረፈው በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. ነው። ከስዕሉ ሥር ስሙን ጻፍ፤ «ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ 4 ለ 2» የሚለውንም ጨምርበት። ልጆቹ ሌላውን ራሳቸው ይጠይቃሉ። የሚመልስላቸው ካጡ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ እመጣለሁ። ለጥር ይደርሳል ወይ?

የቦርከና ልጅ፦

ይደርሳል ጋሼ፣ ሌሎቹ ካልከለከሉኝ። ጽሑፉንም እንዳሉት አደርገዋለሁ። ሲሰቀል የክብር እንግዳው አንቱ ነዎት፤ ሐረጎ ላይ ያለው ወንድማችን ይዞዎት ይምጣ።

ላብራቶሪ፦

ለጥር መስቀል ትችላለህ፤ የመጨረሻውን ቫርኒሽ ግን አትቀባ። የዘይት ቀለም ላዩ ደርቆ ውስጡ ገና እየሰራ ነው። ቀለሙ ስስ ከሆነም ስድስት ወር ያህል ጠብቅ፤ ወፍራም ከሆነ ዓመት። እስከዚያ ቡና ሲፈላ የዕጣን ጭስ በቀጥታ እንዳያገኘው። ጨለማ ክፍል ውስጥም አታስቀምጠው፤ የተልባ ዘይት በጨለማ ይቢጫል፣ ብርሃን ሲያገኝ ይመለሳል። በፀሐይ ላይ አስጣው ማለቴ ግን አይደለም። ከኮምቦልቻ አቧራ ለመከላከል እርጥብ እያለ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዘንብለህ አቁመው፤ አየር እንዲያገኝ ክፍተት ተውለት።

ሐረጎ ላይ፦

መዋጮው ተጀምሯል። ጋሼን እኔ አመጣቸዋለሁ። የቦርከና ልጅ፣ ነጩ ትልቁ ቱቦ በኔ ነው።

የቦርከና ልጅ፦

በአፍንጫና በከንፈር መሀል ያለውን ቦታ አጠበብኩት፤ እናቴ ገብታ አየችውና «ይሄማ ኳስ ተጫዋቹ ነው» አለች። ስሙን አላስታወሰችም፤ ፊቱን ግን አወቀችው። ነገ ወደ ቀለም እገባለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ለዋናው ስዕል ሰሌዳው 60 በ80 ሴንቲ ሜትር ቢሆን? ፊቱ ምን ያህል ይሁን?

ጦሳ ሥር፦

60 በ80 ጥሩ ነው። ጭንቅላቱን ከእውነተኛ ሰው ጭንቅላት ትንሽ አሳንሰው። ልክ በልኩ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ግዙፍ ሆኖ ሰው ያስደነግጣል። ዓይኑን ከሰሌዳው መሀል ከፍ አድርገው፤ ከላዩ ብዙ ባዶ ቦታ አትተው።

ቀለም ቤት፦

ሰሌዳውን ከመጀመርህ በፊት ጀርባውንም በኮላ ቀባው፤ አራቱን ጠርዝም። አንዱን ገጽ ብቻ ከቀባህ ኮምፔንሳቶው ይጎብጣል። ሱቅ ስትመጣ ተቆርጦ ይጠብቅሃል፤ ዋጋውን ከመዋጮው ላይ አታውጡ።